ዓመት አቆጣጠራችንና የዕድራችን መዝገብ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአባላት የተሰጠ ንግግር)



የዕድሩን የጽሕፈት ሥራ የያዝን እኛ በየዓመቱ በዚህ ስብሰባ ላይ ቆመን የምንናገረው ስለ መዋጮ፣ ስለ ውዝፍ፣ ስለ ድንኳኑ መቀደድና ተወስደው ስላልተመለሱት ድስቶች እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዘንድሮ ግን የሒሳቡን ሪፖርት ለሒሳብ ሹሙ ትተን፣ ስለ ዓመት አቆጣጠር ጥቂት እንድንናገር ኮሚቴውን አስፈቅደናል። «ዓመት መቁጠር ለዕድር ምኑ ነው? እሱን ለቄሱና ለአስተማሪው ተዉት» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ዕድር ከመሠረቱ የሚቆጥረው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ገንዘብ ሲሆን ሌላው ቀን ነው። ገንዘቡን ስንቆጥር ሦስት ሰው ተቀምጦና ተፈራርሞ ነው። ቀኑን ግን ሁሉም እንደመጣለት ይጽፈዋል። በዚሁ ምክንያት በአንድ አባታችን ላይ ያደረስነውን በደል በእናንተ ፊት ሳንናገር ብንቀር ኅሊናችን አይፈቅድልንም።

የሆነው ነገር

በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት 65 ዓመት የሞላው አባል ከመቃብር ቁፋሮና ከድንኳን ተሸካሚነት ነጻ ይሆናል። እኚህ አባታችን በ2007 ዓ.ም. ክረምት ማለቂያ ላይ መጡና «እንግዲህ ዕድሜዬ ሞልቷል፤ ዶማውን ለልጆቹ አስረክቡልኝ» አሉን። እኛም መዝገቡን ገለጥን። በመዝገቡ ውስጥ ቀድሞ ይሠሩበት ከነበረ መሥሪያ ቤት ያመጡት ወረቀት ግልባጭ ተያይዟል። የትውልድ ቀን በሚለው አንጻር 28/7/1950 ይላል። መጋቢት 28 ቀን 1950 ዓ.ም. ብለን አነበብነው። ከ2007 ላይ 1950 ሲቀነስ 57 ነው። «አባባ፣ ገና ስምንት ዓመት ግድም ይቀርዎታል» አልናቸው። «እኔ እኮ እናቴ የነገረችኝን ነው የማውቀው» ብለው ጥቂት ተከራከሩ። ኋላም «ወረቀቱ ካለ እንግዲህ ይሁን» ብለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ በየቀብሩ ዶማ ይዘው ይመጡ ነበር። የሺሺንዳ ክረምት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አይነገርም፤ ጉድጓዱ ሲቆፈር ከሥሩ ውሃ ያቁራል፣ አፈሩም ከዶማው ላይ አልላቀቅ ይላል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. አንድ ቀን ወገባቸውን አሟቸው ሳይመጡ ቀሩ። እኛም ደንብ ደንብ ነው ብለን 50 ብር ቀጣናቸው። አንድ ቃል ሳይናገሩ ከፈሉ።

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ዐረፉ። በቀብራቸው ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ስንጽፍ በዚያው ወረቀት ላይ ተመሥርተን «ተወልደው በ66 ዓመታቸው» ብለን ጀመርን። ለልቅሶ ከሩቅ የመጡት ታላቅ እኅታቸው ይህ ሲነበብ ሰምተው አቋረጡን። «ማን? እሱ? በመጋቢት? ኧረ በክረምት ነው! ፍልሰታ ሊገባ ሲል፣ ወንዙ ሞልቶ አዋላጇ ማዶ ቆማ የቀረች ዕለት ነው። እኔ ያኔ ነፍስ ያወቅሁ ልጅ ነበርኩ። ዓመቱም ጣሊያን በወጣ በዘጠነኛው ነው፤ ዘመኑም ማርቆስ ነው» አሉ።

እንዲህ ያለውን ነገር ቀድሞ የሽማግሌ ጨዋታ ነው ብለን እናልፈው ነበር። ያን ዕለት ግን ወረቀቱን እንደገና አወጣንና እኅትየዋ ከተናገሩት ጋር አስተያየነው። ምን እንዳገኘን ከመናገራችን በፊት ግን ስለ ዓመት ስሞቻችን እንነጋገር፤ አለዚያ ነገሩ አይፈታም።

የዓመታችን ስሞች

ሁላችንም በየቀኑ ዓ.ም. ብለን እንጽፋለን። ዓመተ ምሕረት ማለት ነው፤ ይኸውም ከክርስቶስ ልደት ወዲህ ያለው ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ያለውን 5500 ዓመት ሊቃውንቱ ዓመተ ፍዳ ይሉታል። ሁለቱ ሲደመሩ ዓመተ ዓለም ይባላል። ስለዚህ 2018 ዓመተ ምሕረት ማለት 7518 ዓመተ ዓለም ማለት ነው። ዓመተ ዓለም ዛሬ በየቢሮው አይጻፍም፤ ነገር ግን የበዓላቱ ስሌት ሁሉ የሚነሣው ከእሱ ነው።

ዓመተ ዓለሙ ለአራት ሲካፈል አንድ ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ዘመነ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ዘመነ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዘመነ ዮሐንስ ነው። 5500 ራሱ ለአራት ያለቀሪ ስለሚካፈል ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ብናካፍልም ያው ነው። በዚህ ዓይነት 2017 ማቴዎስ፣ 2018 ማርቆስ፣ 2019 ሉቃስ፣ 2020 ዮሐንስ ይሆናል። በሉቃስ ማለቂያ ላይ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች፤ በሌሎቹ አምስት ናት። ጳጉሜን የሚለው ስም ከግሪክ የመጣ ሲሆን ተጨማሪ ማለት ነው። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ቀን የሚውለውም በዚያች በስድስተኛዋ ጳጉሜን ምክንያት ነው።

ሌሎችም ቃላት አሉን። «የእሱ ነገር አበቅቴው ያለፈበት ነው» ስንል አበቅቴ ምን እንደሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? አበቅቴ የጨረቃን ዓመት ከፀሐይ ዓመት ጋር ለማስታረቅ የሚሰላ ቁጥር ነው። ቤተ ክርስቲያን ስሌቱን ባሕረ ሐሳብ ትለዋለች፤ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ድሜጥሮስም እንደ ደረሰው ትናገራለች። 2018ን ለምሳሌ ብንወስድ 7518 በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንዱን ቢያነሡለት 12 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ይሆናል። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዑ 18 ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 መምጣት አለባቸው፤ ካልመጡ ተሳስቷል ማለት ነው። መስከረም 18 እሑድ ስለዋለ የእሑድ ተውሳክ 7 ይጨመርበትና 25 ይሆናል። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ይገባል። ከዚያ 69 ቀን ቢቆጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ነው። ይህን ሁሉ የሚያወጡት አባቶች በጣታቸው አንጓ ቆጥረው ነው። የኛ ሒሳብ ሹም ደግሞ በሒሳብ መኪና ተደግፎ ይሳሳታል። (ሒሳብ ሹማችን ይቅርታ ያድርጉልን።)

ሰባትና ስምንት

የኛ ዓመት ከኤውሮፓው ለምን ያንሳል የሚለውን ልጆቻችን ይጠይቁናል። ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ ቁጥር በአምስተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያ መነኩሴ የነበረውን የአንያኖስን ስሌት ይከተላል። በሮም ደግሞ ዲዮናስዮስ የሚባል ሌላ መነኩሴ በ525 እ.ኤ.አ. በራሱ ስሌት የልደትን ዘመን ወደ ኋላ ወስዶ አስቀመጠው። ልዩነቱ የመጣው ከዚህ ነው። በኋላም በ1582 እ.ኤ.አ. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ ከኤውሮፓው ቀን መቁጠሪያ ዐሥር ቀን አስነሡ። በወሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነትም በዚህ ተለወጠ።

ለመዝገባችን የሚያስፈልገው ግን ይህ ነው፤ ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ እስከ ኤውሮፓው ዓመት ማለቂያ ድረስ በኛ ላይ 7 ይደመራል። የኤውሮፓው አዲስ ዓመት ከሚገባበት፣ ማለት ከታኅሣሥ 23 (ከሉቃስ በኋላ ባለው ዓመት ከታኅሣሥ 22) ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደመራል። ስለሆነም አንድ የኤውሮፓ ዓመት ሁልጊዜ በሁለት የኛ ዓመታት ላይ ይወድቃል። «ስምንት ቀንስ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ወሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ወሩም ቢሆን በቁጥር ከተጻፈ ያሳስታል። 7 ለኛ መጋቢት ነው፤ ለኤውሮፓ ግን ሰኔ አጋማሽ አልፎ የሚገባው ጁላይ ነው። መጋቢት በሚለው ፈንታ 7 ብሎ መጻፍ ቀለም ይቆጥብ ይሆናል፤ ሰው ግን ያስቀጣል።

የቀኑም መለወጫ እንደዚሁ ነው። ለኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ በኤውሮፓው ግን በኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀኑ ይለወጣል። ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያረፈ ሰው ለቤተሰቡ ማክሰኞ ሌሊት ያረፈ ነው፤ የሐኪም ወረቀት ግን ረቡዕ ይላል። ቤተሰብ የሚናገረውና ወረቀቱ የሚለው በአንድ ቀን ቢለያዩ ማንም እንዳልዋሸ ማወቅ ይገባናል።

በቁጥር ሳይሆን በነገር የሚቆጠር ዓመት

አብዛኞቹ አረጋውያን አባሎቻችን የልደት ወረቀት የላቸውም። በአገር አቀፍ ደረጃ የልደትና የሞት ምዝገባ ሥራ የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደው ሰው መዝገቡ የእናቱ አፍ ነበር። እናት ደግሞ ዓመትን የምትይዘው በሆነው ነገር ነው።

ክፉ ቀን ቢሉ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብት አልቆ ሕዝብ የተራበበት ዘመን ነው። የኅዳር በሽታ ቢሉ 1911 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ሲገባ ቢሉ 1928፣ ጣሊያን ሲወጣ ቢሉ 1933 ዓ.ም. ነው። በለውጡ ጊዜ ቢሉ ግን ቆም ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ የ66ቱ ነው ወይስ የ83ቱ? በመካከሉ አሥራ ሰባት ዓመት አለ። በሰባ ሰባቱ ሰፈራ የመጣን ነን የሚሉ ወገኖች በክፍለ ሀገሩ ብዙ ናቸው፤ ሰባ ሰባት ብቻ ተብሎ ከተጻፈ የልጅ ልጆቻችን 1977 ይሁን 2077 በምን ያውቃሉ?

የካፋም ታሪክ በታቶዎቹ ስም ተይዞ ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈ ነው። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ የተማረኩት በ1897 እ.ኤ.አ. በመስከረም ሲሆን፣ በኛ 1889 አልቆ 1890 ዓ.ም. በገባበት ሰሞን ነው። አንዱ 1889፣ ሌላው 1890 ቢል የሚጣሉበት ምክንያት የለም፤ ዓመቱ በተለወጠበት ሳምንት የሆነ ነገር ነውና። የካፋ ሕዝብ የዘመን መለወጫ ማሽቃሬ ባሮም የሚከበረው በመስከረም ነው። ስለዚህ አንድ የካፋ ሽማግሌ «ከማሽቃሬ ባሮ በፊት ነው» ወይም «በኋላ ነው» ቢል ወሩን ብቻ ሳይሆን ዓመቱንም እየለየልን ነው።

ሙስሊም አባሎቻችን ደግሞ ዓመተ ሂጅራ አላቸው። መነሻው 622 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዓመቱ በጨረቃ ስለሆነ 354 ወይም 355 ቀን ነው። በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር በሂጅራ 66 ዓመት የሞላው ሰው በኛ አቆጣጠር 64 ዓመት ብቻ ነው። በኦሮሞ ገዳ ሥርዓትም ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ሲተላለፍ ዘመኑ በአባ ገዳው ስም ይጠራል። «በእገሌ ገዳ ተወለድሁ» ያለ ሰው ስምንት ዓመቱን ለይቶ ነግሮናል ማለት ነው። አንዱም አቆጣጠር ከሌላው አያንስም። ጉዳት የሚመጣው አንዱን በሌላው ሚዛን ስንመዝነው ነው።

የጃፓኖች ልማድ

በራሱ የዓመት ስም እየተጠቀመ እስከ ዛሬ የዘለቀ ሌላ አገር አለ ወይ ብለን ብንጠይቅ ጃፓንን እናገኛለን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደዚያ ተጉዘው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ የጻፉላት አገር ናት። ጃፓኖች የዘመን ስም ጌንጎ ይሉታል። ከ1868 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለአንድ ንጉሠ ነገሥት አንድ የዘመን ስም ይሰጣል፤ ዓመቱም ከአንድ ጀምሮ ይቆጠራል። ሜይጂ በ1868፣ ታይሾ በ1912፣ ሾዋ በ1926፣ ሄይሴይ በ1989፣ ሬይዋ በ2019 እ.ኤ.አ. ተጀመሩ። ሾዋ 64 የሚባለው ዓመት ሰባት ቀን ብቻ ቆየ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በጥር መባቻ ሰሞን ስላረፉ ከማግሥቱ ጀምሮ ሄይሴይ 1 ተባለ። ልክ እንደኛ አንዱ የኤውሮፓ ዓመት ሁለት ስም ያዘ ማለት ነው።

ታዲያ እነሱ አይደናገሩም ወይ? ቁጥሩን ብቻ ቢጽፉ ኖሮ መደናገራቸው አይቀርም ነበር፤ አምስት ዓመት የሚባል በሜይጂም በታይሾም በሾዋም አለና። ነገር ግን በመንግሥት ቅጾቻቸው ላይ ከዓመቱ ቁጥር ፊት የዘመኖቹ ስም ይታተማል፤ ሞይው የሚመለከተውን ይከብበዋል፤ ከዚያ ቁጥሩን ይጽፋል። የኛ ቅጽ ግን ቁጥሩን ብቻ ጠይቆ ዝም ይላል።

ስለ ዕድሜም ካዞኤዶሺ የሚባል የቀድሞ ልማድ ነበራቸው። ሕፃን እንደተወለደ አንድ ዓመት ይባላል፤ ከዚያም አዲስ ዓመት በገባ ቁጥር የሁሉም ሰው ዕድሜ በአንድ ይጨምራል። በዓመቱ መጨረሻ ቀን የተወለደ ልጅ በማግሥቱ ሁለት ዓመት ሆነው ማለት ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የሞላ ዓመት እንዲቆጠር ተደነገገ። ሕዝቡ ግን ልማዱን ስላልተወ በ1950 እ.ኤ.አ. ሌላ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። በሙታን መታሰቢያ ግን የቀድሞው ልማድ እስካሁን ይሠራበታል። ሦስተኛ ዓመት መታሰቢያ የሚሉት ሰውየው ከሞተ ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው፤ የሞተበትን ዕለት አንድ ብለው ስለሚጀምሩ ነው።

60 ዓመት የሞላውን ሽማግሌ ካንሬኪ ብለው ቀይ ልብስ አልብሰው ያከብሩታል። የጥንቱ የዓመት ስማቸው በ60 ዓመት ዞሮ ወደ ራሱ ስለሚመለስ፣ ሰውየው ወደ ተወለደበት ዓመት ተመለሰ ማለታቸው ነው። 88 ዓመትን ደግሞ የሩዝ ዕድሜ ይሉታል፤ ሩዝ የሚለው ፊደላቸው ሲበተን ስምንት፣ ዐሥር፣ ስምንት የሚል ስለሚወጣው ነው። ሽማግሌ ዕድሜው ሲሞላ ማን ነህ ተብሎ ወረቀት አይጠየቅም፤ ይከበራል።

ሞላና ያዘ

የጃፓኖች ነገር እንግዳ የመሰለን ካለን የራሳችንን እንመልከት። ሰኞ የተቀበረ ሰው ሠልስቱ መቼ ነው? ረቡዕ ነው። የቀብሩን ዕለት አንድ ብለን ስለምንጀምር ነው፤ ዓርብ ተሰቅሎ እሑድ የተነሣውን ጌታ በሦስተኛው ቀን ተነሣ እንደምንለው ነው። ሳምንት የሚለው ቃል ራሱ ስምንት ከሚለው የወጣ ነው፤ ከሰኞ እስከ ሰኞ ሁለቱንም ጫፍ ብንቆጥር ስምንት ይሆናልና። እኛም ጫፍ እየቆጠርን የኖርን ሕዝብ ነን።

ለዕድሜ ግን ቋንቋችን ሁለት የተለያዩ ቃላት ሰጥቶናል። «ስድሳ አምስት ሞልቶታል» እና «ስድሳ አምስት ይዟል» አንድ አይደሉም። የያዘው ገና 64 የሞላው ነው። ደንባችን የሚለው የሞላው ነው። እኛ ግን በመዝገባችን ላይ «ዕድሜ 65» ብለን ብቻ ስለምንጽፍ የሞላው ይሁን የያዘው አይታወቅም።

የአባታችን ወረቀት

አሁን ወደ ነገራችን እንመለስ። ወረቀቱ 28/7/1950 ይላል። እኅትየዋ አራት ነገር ነገሩን፤ ክረምት፣ ፍልሰታ ሊገባ ሲል፣ ጣሊያን በወጣ በዘጠነኛው ዓመት፣ ዘመነ ማርቆስ።

በመጀመሪያ ማርቆስን ያዝን። 1950 ለአራት ሲካፈል ሁለት ይተርፋል፤ ማርቆስ ነው። «እንግዲህ ወረቀቱ ልክ ነው» ልንል ቃጣን። ነገር ግን ከ1950 ስምንት ዓመት ብንቀንስ 1942 ነው፤ እሱም ማርቆስ ነው። ዘመኑ ብቻውን አልለየውም። ቀጥለን ጣሊያንን ያዝን። ጣሊያን የወጣው በ1933 ነው። ራሱን 1933ን አንድ ብለን ብንቆጥር ዘጠነኛው 1941 ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ብቻ ብንቆጥር 1942 ይሆናል። ከሁለቱ ማርቆስ የሆነው 1942 ብቻ ነው። በመጨረሻም 28/7ን በኤውሮፓ ወር ብናነበው ሐምሌ 21 ቀን ሆነ፤ ፍልሰታ ሊገባ ዐሥር ቀን ሲቀረው፣ ወንዙ በሚሞላበት ጊዜ። ወረቀቱን የጻፈው ክፍል በኤውሮፓ አቆጣጠር ጽፎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. የሚል ምልክት ግን አላደረገበትም። እኛም አልጠየቅንም።

አባታችን የተወለዱት ሐምሌ 21 ቀን 1942 ዓ.ም. ነበር። ወደኛ የመጡ ዕለት 65 ሞልቷቸው ነበር። በሐምሌ ዝናብ የቀጣናቸው ጊዜ ዕድሜያቸው 68 ነበር። ሲያርፉ 73 ሞልተው 74 ይዘው ነበር። በወረቀቱ ንባባችን ነጻ የሚሆኑት በመጋቢት 2015 ነው፤ ስለዚህ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ሙሉ የማይገባቸውን ጉድጓድ አስቆፍረናቸዋል። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ሦስት ፊደል በመቅረቱ ነው።

የሕይወት ታሪኩን አስተካክለን አነበብን። ከአርባቸው በኋላ ኮሚቴው 50 ብሩን ይዞ ባለቤታቸው ዘንድ ይቅርታ ለመጠየቅ ሄደ። እማማ ብሩን አልተቀበሉም። «ለዕድሩ መልሱት። እሱ ብር አልቸገረውም፤ ሸምግያለሁ ሲል የሚያምነው ሰው ነው ያጣው» አሉ። የምንመልሰው ቃል አልነበረንም።

የምናሳስበው

ስለሆነም ጠቅላላ ጉባዔው የሚከተሉትን እንዲወስንልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ በመዝገባችን ላይ ማንኛውም ዓመት ሲጻፍ ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ወይም ዓመተ ሂጅራ መሆኑ አብሮ ይጻፍ። ምልክት የሌለው ወረቀት ሲመጣ ባለቤቱ ሳይጠየቅ መዝገብ አይግባ።

ሁለተኛ፣ ወር በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፍ። መስከረም፣ መጋቢት፣ ጁላይ ተብሎ ሙሉውን ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ዕድሜ ሲጻፍ የሞላው ዓመት መሆኑ ይገለጽ።

አራተኛ፣ ወረቀት የሌለው አባል ቃሉ ይሰማ። በምን ጊዜ እንደተወለደ፣ ዘመኑ ማን እንደነበረ፣ ክረምት ይሁን በጋ፣ ቡና ለቀማ ይሁን ማር ቆረጣ፣ ከጎረቤት ማንን እንደሚበልጥና ማን እንደሚበልጠው ተጠይቆ፣ ሁለት ምስክር ባለበት ይጻፍ። ወረቀትና ቃል ሲጋጩም ወረቀቱ ብቻውን አይፍረድ፤ ሁለቱም ይመርመሩ።

አምስተኛ፣ ይህ ሥራ ለሚመጣው ዓመት አይደር። ዛሬ ከፊታችን የተቀመጡት አባቶችና እናቶች ለብዙዎቻችን ዓመት ምስክር ናቸው። እኅትየዋ ለልቅሶ ባይመጡ ኖሮ አባታችን በሐሰት ዕድሜ ተቀብረው ይቀሩ ነበር። እንዲህ ያሉ ምስክሮቻችንን ከማጣታችን በፊት ደብተርና እስክሪብቶ ይዘን በየቤታቸው እንሂድ። ወጣቶቻችን ለዚህ ፈቃደኛ ከሆኑ እኛ ቅጹን እናዘጋጃለን፤ በቅጹም ላይ እንደ ጃፓኖቹ የዘመኑ ስም ከቁጥሩ ፊት ይታተማል።

ዕድራችን የቆመው ሰው በክብር እንዲቀበር ነው። ሰውን በክብር መቅበር ደግሞ አፈር ማልበስ ብቻ አይደለም፤ ስሙን ሳያሳስቱ፣ ዕድሜውን ሳይቀንሱ መሸኘት ነው። በሕይወት ሳለም ሸምግያለሁ ሲል አምኖ ዶማውን መቀበል ነው።

 ላረፉት ዕረፍት፣ ለቀረነው ዕድሜና ጤና ይስጥልን።